የማይወጣው ቁጥር፦ 720720 በውስጡ ምን ይዟል?

ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ይውጣታል። እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት ከፒያሳ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጀበና ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ሎተሪ አዟሪ ልጅ ትኬቶቹን እንደ ካርታ ዘርግቶ መጣ። ከመካከላቸው አንዱ 720720 የሚል ነበር። «ይህን ሁሉም ያነሣዋል፣ ሁሉም ይመልሰዋል» አለን ልጁ፣ ጥፋቱ የእርሱ ይመስል ትንሽ እያፈረ።

አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ትኬቱን ተቀብለው በመነጽራቸው ሥር አገላበጡትና «ልጄ፣ ይህ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ይመስላል። እንዲህ ያለ ቁጥር አይወጣም» ብለው መለሱለት። ከጎኑ የነበረውን 720721 ገዙ።

እኔ ብዙ ዓመት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሎተሪ አልገዛም፤ ያ ቁጥር እንዲያ ሲናቅ ማየት ግን ከበደኝ። ከአንድ ሚሊዮን በታች ካሉት ቁጥሮች መካከል በአካፋይ ብዛት 720720ን የሚበልጠው የለም። አዛውንቱ የመረጡት ጎረቤቱ ደግሞ በዚሁ ነገር ከድሃም ድሃ ነው። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ የተከራከርንበትን ነገር እነሆ ከሥሩ ላስረዳ።

እንዲህ ያለ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ ያንሳል?

አያንስም። ከ000000 እስከ 999999 ያሉ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች የሚገቡበት ዕጣ ቢኖር፣ 720720 የሚወጣበት ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው። 720721ም ከሚሊዮን አንድ፣ 583914ም ከሚሊዮን አንድ። ዕጣ ዓይን የለውም።

የአዛውንቱ ስሜት ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። የፊተኞቹ ሦስት አኃዞች ከኋለኞቹ ሦስት ጋር አንድ የሆኑባቸው ቁጥሮች ከሚሊዮኑ ውስጥ 1,000 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የሚደጋገም ቁጥር ሲወጣ የምናየው በአማካይ ከሺህ ዕጣ አንዴ ነው፤ የሰው ዕድሜ ለዚያ ላይበቃ ይችላል። ስሕተቱ የሚመጣው የማኅበሩን ብርቅነት በአንድ አባሉ ላይ ስንጭን ነው። ከመቶ ተማሪዎች ቀይ ሹራብ የለበሱት ሁለት ብቻ ቢሆኑ፣ በዕጣ የሚጠራው ባለ ቀይ ሹራብ ይሆናል ብሎ መወራረድ ሞኝነት ነው። ከሁለቱ ግን የአንዱን ስም ብንጠራ፣ ስሙ ተጽፎ ባርኔጣው ውስጥ እስከ ገባ ድረስ ዕድሉ ከማንኛውም ተማሪ ጋር እኩል ነው።

ድግግሞሹ የቁጥሩ ነው ወይስ የአጻጻፉ?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። 720 ሁለት ጊዜ የታየን ቁጥሩ ስለ ተደጋገመ ሳይሆን በዚህ መንገድ ስለ ጻፍነው ነው።

የግዕዝ አኃዝ ያለው አንባቢ ይህን ለማየት ከሌላው ሁሉ የታደለ ነው። 720720 በግዕዝ ሲጻፍ ፸፪፼፯፻፳ ይሆናል። ፼ እልፍ፣ ማለትም አሥር ሺህ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ «ሰባ ሁለት እልፍ ከሰባት መቶ ሃያ» ተብሎ ይነበባል። ድግግሞሹ የት ገባ? በአሁኑ አጻጻፍ ትልቅ ቁጥርን የምንቆርጠው በሺህ በሺህ ነው፤ የግዕዙ በመቶና በእልፍ ይቆርጠዋል። ጨርቁ አንድ ነው፤ መቀሱ ሌላ ቦታ ላይ ሲያርፍ ግን ጥለቱ ይበተናል። አዛውንቱ ያንን ትኬት በግዕዝ አኃዝ ታትሞ ቢያገኙት ኖሮ ዝም ብለው ይገዙት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኮምፒውተር ደግሞ በ0 እና በ1 ብቻ ስለሚጽፍ ይኸው ቁጥር 10101111111101010000 ይሆንበታል። መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ዜሮዎች ብናነሣ የቀረው ከግራም ከቀኝም ቢነበብ አንድ ነው። ይህም ያው የልብስ ነገር ነው። አራቱ ዜሮዎች ግን ልብስ አይደሉም፤ ቁጥሩ ለ2 አራት ጊዜ እየተከታተለ እንደሚካፈል ይናገራሉ፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ስለ ቁጥሮች የሚወራው ወሬ ግማሹ በልብሳቸው ላይ የተመሠረተ ነው። ለምሳሌ ካፕሬካር የተባለ ሕንዳዊ የትምህርት ቤት አስተማሪ፣ አኃዞቹ ሲደመሩ ለሚገኘው ድምር ራሱ የሚካፈልን ቁጥር «ሐርሻድ» ብሎታል፤ በሳንስክሪት «ደስታ ሰጪ» ማለት ነው። 7+2+0+7+2+0 = 18፤ 720720 ለ18 ሲካፈል 40,040 ይደርሳል፤ ስለዚህ ሐርሻድ ነው። ደስ ይላል፤ ነገር ግን አኃዞቹን በሌላ አጻጻፍ ብንጽፋቸው ድምሩም ይለወጣልና ማዕረጉ ሊጠፋ ይችላል። እኔ እንዲህ ያሉ ምድቦችን እንደ ቅጽል ስም ነው የማያቸው።

ልብሱ ሲወልቅ ምን ይቀራል?

ዘሩ ይቀራል። ወሎ ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ድረስ ዘር እንደሚቆጠረው ሁሉ፣ የቁጥርም ዘር ይቆጠራል። የሚቆጠረው በማካፈል ነው፤ የሚቆመው ከዚያ በላይ ሊከፈሉ የማይችሉ ቁጥሮች ላይ ሲደረስ ነው። እነዚህን ብቸኛ ቁጥሮች እንላቸዋለን። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ነው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እያለ ይቀጥላል። አካፋይ የምንለው ደግሞ ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚከፍለውን ነው።

720720ን እንፍታው። ቁጥሩ 720 × 1,001 ነው። 720 ሲፈታ 2 × 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 5 ይሆናል። 1,001 ሲፈታ ደግሞ 7 × 11 × 13 ይሆናል። አንድ ላይ፦

720720 = 2 × 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 5 × 7 × 11 × 13

«በሌላ መንገድ ብንጀምርስ?» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ። በ10 × 72,072 ጀምሩ፤ በ840 × 858 ጀምሩ። የምትደርሱት እነዚሁ አሥር አያቶች ዘንድ ነው፤ አንድም አይጨመር፣ አንድም አይጎድል። ለእያንዳንዱ ቁጥር የዘር ሐረጉ አንድና አንድ ብቻ መሆኑን ጀርመናዊው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1801 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሙሉ ማረጋገጫ አስቀምጦታል። በግዕዝ ጻፉት፣ በ0 እና 1 ጻፉት፣ በጠጠር ቁጠሩት፣ ይህ ሐረግ አይነካም።

በነገራችን ላይ 1,001 ቡና ቤት ውስጥ ሰው የሚያስደንቅ ጨዋታ አለው። ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ምረጡ፤ 583 ይሁን። ደግማችሁ ጻፉት፦ 583583። አሁን ለ7 አካፍሉ፤ 83,369። ለ11 አካፍሉ፤ 7,579። ለ13 አካፍሉ፤ 583። የጀመራችሁበት ተመለሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ መጻፍ ማለት በ1,001 ማባዛት ማለት ነው፤ በ7፣ በ11 እና በ13 ማካፈል ደግሞ ያንኑ 1,001 መልሶ መንቀል ነው። ያን ጠዋት አዛውንቱን ያለዘብኳቸው በዚህ ነው፤ ስልካቸውን አውጥተው ሦስት ጊዜ ሞከሩት።

አካፋዮቹ ስንት ናቸው? አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይዘለቃል?

240 ናቸው፤ አንድ በአንድ መቁጠር ግን አያስፈልግም።

አሥሩን አያቶች በስድስት ኪሶች አስቀምጧቸው። አንደኛው ኪስ አራት 2ዎች፣ ሁለተኛው ሁለት 3ዎች ይዟል፤ የቀሩት አራት ኪሶች 5ን፣ 7ን፣ 11ንና 13ን አንድ አንድ ይዘዋል። የ720720 አካፋይ ሁሉ የሚሠራው ከእነዚህ ኪሶች የተወሰነውን አውጥቶ በማባዛት ነው። ከመጀመሪያው ኪስ ምንም ላታወጡ፣ ወይም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ልታወጡ ትችላላችሁ፤ አምስት ምርጫ። ከሁለተኛው ሦስት ምርጫ። ከቀሩት ከእያንዳንዳቸው ሁለት፦ መውሰድ ወይም መተው። 5 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 240። ከስድስቱም ኪሶች ምንም ሳታወጡ ብትቀሩ 1 ይሆናል፤ ሁሉንም ብታወጡ ራሱ 720720።

ይህ ቁጥር ድንጋይ ቢሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ወጣቶችን አስቡ። 720,720 ድንጋይ ተሰጥቷቸው «አንድም ሳይተርፍ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ አንጥፉ» ቢባሉ፣ ሊመርጡባቸው የሚችሉ 120 ቅርጾች አሉ፤ አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚመጡ ነው። 1 በ720,720 አድርገው ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻን የሚያልፍ ቀጭን መስመር ሊዘረጉት ይችላሉ። 840 በ858 አድርገው ካሬ ሊመስል ጥቂት የቀረው አደባባይ ሊሠሩበትም ይችላሉ። ብቸኛ ቁጥር የሆነ ድንጋይ የተሰጠው ሰው ግን አንድ ረድፍ ከመደርደር ሌላ ምርጫ የለውም።

ከ1 እስከ 16 ሁሉንም እንዴት ቻለ?

ይህ ቁጥር ከሁሉ በላይ የሚታወቅበት ነገር ይኸው ነው፤ ከ1 እስከ 16 ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ያለ ቀሪ ይካፈላል። እንዲህ የሚያደርግ ከእርሱ ያነሰ ቁጥር የለም።

አንድ እድር 720,720 ብር አከማችቶ ሊከፋፈል ነው እንበል። ሰባት ሆነው ቢመጡ ለእያንዳንዳቸው 102,960፤ አሥራ አንድ ሆነው ቢመጡ 65,520፤ አሥራ ሦስት ሆነው ቢመጡ 55,440፤ አሥራ ስድስት ሆነው ቢመጡ 45,045 ብር ይደርሳቸዋል። ሳንቲም አይሰበርም፣ የሚጣሉበት ትርፍ ብር አይኖርም። አሥራ ሰባተኛ ሰው ዘግይቶ ሲደርስ ነው ጭቅጭቁ የሚጀመረው፦ 42,395 ብር ለየአንዳንዱ ይደርስና አምስት ብር ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

ምሥጢሩ ትንሹ የጋራ ብዜት የሚባለው ነገር ነው። ብዜት ማለት ቁጥሩ ሲባዛ የሚደርስበት ነው፤ የ7 ብዜቶች 7፣ 14፣ 21 ናቸው። የሁለት ቁጥሮች ትንሹ የጋራ ብዜት ሁለቱም በአንድነት የሚደርሱበት የመጀመሪያው ቦታ ነው። እቁባችሁ በየሰባት ቀኑ፣ የእድራችሁ ስብሰባ በየ30 ቀኑ ቢሆንና ዛሬ አንድ ቀን ላይ ቢውሉ፣ እንደገና አንድ ቀን ላይ የሚውሉት ከ210 ቀን በኋላ ነው (ጳጉሜን ለጊዜው እንርሳት፤ እርስዋ ሁሉንም ሒሳብ ታበላሻለች)።

ከ1 እስከ 16 ያሉትን ሁሉ ለማስተናገድ ምን ያህል ዕቃ መያዝ ያስፈልጋል? 16ን ለማስገባት አራት 2ዎች ያስፈልጋሉ። 9ን ለማስገባት ሁለት 3ዎች። 5፣ 7፣ 11 እና 13 አንድ አንድ። ከዚያ በኋላ 6፣ 10፣ 12፣ 14፣ 15 ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገባሉ፤ ክፍሎቻቸው አስቀድመው ተገዝተዋልና። ያ ዝርዝር ከላይ የፈታነው የ720720 ዘር ሐረግ ራሱ ነው። 18፣ 20፣ 21፣ 22፣ 24 እና 26ም በዚሁ ሸቀጥ ይገባሉ። 25 ግን አይገባም፤ ሁለት 5ዎች ይፈልጋል፣ ያለን አንድ ነው።

ለዚህ ዓይነት ቁጥር ስም ያወጣለት ማን ነው?

ሰዎች አካፋይ የበዛበትን ቁጥር የወደዱት ከጥንት ነው። ባቢሎናውያን 60ን መርጠው ዛሬም ሰዓታችንን በ60 ደቂቃ እንከፍላለን። ደርዘን 12 የሆነው ለግማሽ፣ ለሲሶና ለሩብ ስለሚመች ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ በሐሳቡ ለሠራት ከተማ 5,040 ባለ ርስት ዜጎችን መርጧል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ 60 አካፋዮች አሉት፤ ከ1 እስከ 10 ያሉት ሁሉ በውስጡ ናቸው፣ ለግብርም ለጦርም ለመከፋፈል ይመቻል።

ነገሩን ሥርዓት ያስያዘው ግን ሕንዳዊው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ነው። በማድራስ ወደብ ጸሐፊ ሆኖ የሠራ፣ በ1914 ወደ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የተሻገረ፣ በ32 ዓመቱ የሞተ ሰው ነው። በ1915 ባሳተመው ጥናት፣ ከእርሱ የሚያንሱ ቁጥሮችን ሁሉ በአካፋይ ብዛት የሚበልጥን ቁጥር ለይቶ ስም ሰጠው። በአማርኛ «እጅግ ተካፋይ» ብንለው ያስኬዳል። ከ1 ተነሥተን እነዚህን ባለ ክብረ ወሰኖች ብንቆጥር 720720 ሠላሳ ስምንተኛው ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው 665,280 ሲሆን 224 አካፋዮች ነበሩት፤ ክብረ ወሰኑን የሚነጥቀው ደግሞ 1,081,080 ነው፤ በ256።

እንዲህ ያለ ቁጥር እንዴት ይሠራል? እንደ ገበያ አስቡት። አንድ 17 ቢጨመር የአካፋዮቹ ብዛት በእጥፍ ያድጋል፤ ቁጥሩ ራሱ ግን አሥራ ሰባት እጥፍ ያብጣል። ውድ ነው። አንድ 2 ቢጨመር አካፋዮቹ ከ240 ወደ 288 ብቻ ከፍ ይላሉ፤ ዋጋው ግን እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልህ ሸማች ከትንንሾቹ በዛ አድርጎ፣ ከትልልቆቹ ቆንጠር አድርጎ ይገዛል። በ720720 ውስጥ 2 አራት ጊዜ፣ 3 ሁለት ጊዜ፣ ሌሎቹ አንዳንድ ጊዜ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ራማኑጃንም በእጅግ ተካፋይ ቁጥር ውስጥ ትልቁ ብቸኛ ከትንሹ በበለጠ ብዛት ሊገባ እንደማይችል አሳይቷል።

ትልቅነት በራሱ ምንም እንደማይረባ ለማየት አንድ ሚሊዮንን ተመልከቱ። በቁጥርነቱ ከ720720 ይበልጣል፤ ስሙም ያስፈራል። ከ2 እና ከ5 በቀር ሌላ አያት ስለሌለው ግን አካፋዮቹ 49 ብቻ ናቸው። ለሦስት ሰው እንኳ በእኩል አይደርስም። ሦስት ወንድማማቾች ሚሊዮን ብር ወርሰው አንድ ብር ሲተርፋቸው ምን እንደሚሉ እንጃ።

«ትርፍ» እና «ጎደሎ» ቁጥር ምን ማለት ነው?

በአማርኛ ለ2 የማይካፈለውን ቁጥር ጎደሎ ማለት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ይዟል። ኒቆማኮስ የተባለው የግሪክ ሊቅ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቁጥሮችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ መለኪያው ከቁጥሩ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮች ድምር ነው። የ10 አካፋዮች 1+2+5 = 8 ናቸው፤ ራሱን አይደርሱበትምና ጎደሎ ነው። የ12 አካፋዮች ሲደመሩ 16 ይሆናሉ፤ ትርፍ ነው። 6 ግን 1+2+3 = 6፤ ልክ ነው፤ ፍጹም ቁጥር ይባላል። 28፣ 496 እና 8,128ም ፍጹማን ናቸው። እስከ 2024 ማብቂያ ድረስ የታወቁት ፍጹማን 52 ብቻ ሲሆኑ ሁሉም ለ2 የሚካፈሉ ናቸው። ለ2 የማይካፈል ፍጹም ቁጥር ይኖር እንደሆነ እስካሁን ያረጋገጠም ያስተባበለም የለም።

720720 በየትኛው ይመደባል? ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው 2,529,072 ይሆናሉ፤ የራሱን ሦስት እጥፍ ተኩል። ትርፍ ብቻ ሳይሆን የተትረፈረፈ ነው።

ጎረቤቶቹስ? አንድ ብቻ ሲጨመር ምን ይለወጣል?

ሁሉም ነገር ይለወጣል። አዛውንቱ የገዙትን 720721ን እንፍታው። 720720 ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7፣ ለ11 እና ለ13 ስለሚካፈል፣ አንድ የተጨመረበት ጎረቤቱ ለእነዚህ ለአንዳቸውም ሊካፈል አይችልም፤ ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል። አያት ካለው የሚጀምረው ከ17 ነው። በትኬቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መሞከር ጀመርኩ። 17፤ አይሆንም። 19፤ አይሆንም። 23፣ 29፣ 31፣ 37፤ እንቢ። ቡናዬ ቀዘቀዘ። በአሥራ አራተኛው ሙከራ 71 ላይ ተከፈተ፦ 720721 = 71 × 10,151። ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። አካፋዮቹ አራት ብቻ፤ ከራሱ በቀር ያሉት ቢደመሩ 10,223 ብቻ ይሆናሉ። ከታች ያለው 720719 ደግሞ 31 × 67 × 347 ነው፤ ስምንት አካፋዮች አሉት። ስምንት፣ ሁለት መቶ አርባ፣ አራት። ሦስቱ ቁጥሮች ግን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የቆሙ ናቸው። መደመር የሚያጎራብታቸውን ቁጥሮች ማባዛት አያውቃቸውም፤ የቁጥር ሊቃውንትን ለዘመናት እንቅልፍ የነሳው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። 71ን በ10,151 አባዙ ብባል በስልክ አንድ ቅጽበት ነው። 720721ን ፍቱ ስባል ግን አሥራ አራት ጊዜ ለፋሁ። ማባዛት ቁልቁለት ነው፤ መፍታት ዳገት። ሐረጎን መውረድና መውጣት አንድ እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው። በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ይህን የዳገትና የቁልቁለት ልዩነት ወደ ቁልፍነት ለወጡት። እጅግ ትልልቅ የሆኑ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ይባዛሉ፤ ውጤቱ ለዓለም ሁሉ ይገለጣል፤ ሁለቱ ግን በምሥጢር ይያዛሉ። መልእክቱን ለመቆለፍ ውጤቱ ይበቃል፤ ለመክፈት ሁለቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ምሥጢር ከሚጠበቅባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። በብዛት የሚሠራበት ቁጥር 617 አኃዞች ያሉት ነው። በ2020 ተመራማሪዎች በብዙ ኮምፒውተሮች ትብብር 250 አኃዝ ያለውን አንዱን ፈትተዋል፤ 617ቱ ግን ገና አልተነካም።

ስለዚህ አዛውንቱ የመረጡት ቁጥር ከንቱ አይደለም። 720720 ለማካፈል የተፈጠረ ነው፤ 720721 ለመደበቅ። ይህን ስነግራቸው «እና የእኔ ቁልፍ ነው ትለኛለህ?» ብለው ትኬቱን ወደ ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

17ና 19 ለምን ቀሩ?

ከእኛ ጋር የነበረው አራተኛው ሰው በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «532 ይገባዋል?» ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው ከባሕረ ሐሳብ የመጣ ነው። ባሕረ ሐሳብ ፋሲካና አጽዋማት የሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር ሲሆን፣ ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ዓመቱ 365 ቀን ስለሆነ ዕለቱ በየዓመቱ አንድ ይገፋል፤ በአራት ዓመት አንዴ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ሁለት ይገፋል። ሰባቱ ዕለታትና አራቱ ወንጌላውያን እንደገና የሚገናኙት በ28 ዓመት ነው። ጨረቃ ደግሞ ከፀሐይ ዓመት ጋር የምትታረቀው በ19 ዓመት ነው፤ ይህም ንኡስ ቀመር ይባላል። 28ና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 28 × 19 = 532 ነው፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው። ሊቃውንቱ የጋራ ብዜትን በየመማሪያ መጽሐፋችን ከማንበባችን ከብዙ ዘመን በፊት በጣታቸው ሲቆጥሩት ኖረዋል።

532 ሲፈታ 2 × 2 × 7 × 19 ነው። 720720 ሁለቱን 2ዎችና 7ን ይዟል፤ 19 ግን የለውም። ስለዚህ መልሱ አይገባውም የሚል ነው። 17ን እንጨምር ብንል ቁጥሩ 12,252,240 ይደርሳል፤ በላዩ 19ን ስንጨምርበት 232,792,560 ይሆናል። ይህ ከ1 እስከ 20 ላሉት ሁሉ ያለ ቀሪ የሚካፈል የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ለ532ም ይካፈላል፤ 437,580 ይደርሰዋል።

ቁጥሩን ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ሴትዮዋ ቡና ቀድታለት ቆሞ ሲሰማ የነበረው ሎተሪ አዟሪ በጣቱ አኃዞቹን ቆጠረ። «ዘጠኝ ነው» አለ። «ይህኛው ትኬት ላይ አይገባም።»